ምድርና ጨረቃ ወዴት ነው የሚዞሩት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ በምዕራብ ትጠልቃለች። ጨረቃም እንደዚያው ናት። ስለዚህ አንድ ሰው «ጨረቃ ምድርን የምትዞረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው» ሲባል ቢሰማ፣ «ቆይ እስኪ፣ እኔ ማታ ማታ የማያት በተቃራኒው ስትሄድ አይደል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ከባድ አይደለም። ግርታው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቅስቃሴዎችን አንድ ላይ ደርበን ስለምናይ ነው። ለየብቻ ሲታዩ ነገሩ ፍንትው ይላል።

አጠር አድርጋችሁ ንገሩን፦ ምን ወዴት ይዞራል?

አራት ዋና ዋና እንቅስቃሴዎች አሉ። ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች። ፀሐይንም ትዞራለች። ጨረቃ ደግሞ ምድርን ትዞራለች፤ እሷም በበኩሏ በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች። የአራቱም አቅጣጫ አንድ ነው፦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ከሰሜን ዋልታ በላይ ርቆ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ቢኖር፣ አራቱም ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞሩ ያያል።

ፍጥነታቸው ግን አይገናኝም። ምድር አንዴ ለመሽከርከር አንድ ቀን ገደማ ይበቃታል። ጨረቃ ምድርን ዞራ ለመጨረስ 27.3 ቀን ያስፈልጋታል። ምድር ፀሐይን ለመዞር 365 ቀን ከሩብ ገደማ ይፈጅባታል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚፈቱት በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው።

አንዱ «በሰዓት አቅጣጫ» ይላል፣ ሌላው «በተቃራኒው» ይላል። ማንን እንመን?

ከየት ሆነው እንደሚያዩ ከነገሯችሁ ሁለቱንም እመኑ። ከሰሜን ዋልታ በላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምድር ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ትሽከረከራለች። ያው ሰው ወደ ደቡብ ዋልታ ማዶ ተሻግሮ ቢያይ፣ ያችኑ ምድር በሰዓት አቅጣጫ ስትዞር ያገኛታል። ምድር ምንም አልሆነችም፤ ቦታ የቀየረው ተመልካቹ ነው። ጠፈር ውስጥ ላይና ታች የለም። ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ መሣል ካርታ ሠሪዎች የለመዱት ነገር ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

በእኔ በኩል «ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ» የሚለው አነጋገር ይሻለኛል። ከሰሜንም ታየ ከደቡብ አይለወጥም። ሁልጊዜ የሚሠራ አባባል እያለ፣ «ግን ከየት ሲታይ?» የሚል ጥያቄ አስከትሎ የሚመጣውን ምን አስመረጠን?

ምድር ወደ ምሥራቅ የምትሽከረከር ከሆነ ፀሐይ ለምን ወደ ምዕራብ ትሄዳለች?

የምትሄደው ፀሐይ ስላልሆነች። እኛ ነን ወደ ምሥራቅ የምንዞረው። ጠዋት ላይ «ፀሐይ ወጣች» ስንል፣ በእውነቱ የምሥራቁ አድማስ ቁልቁል ዝቅ ብሎ ፀሐይን ገለጠልን ማለት ነው። ማታ ደግሞ የምዕራቡ አድማስ ወደ ላይ ተነሥቶ ይሸፍናታል። ከእኛ በስተምሥራቅ ያሉ ሰዎች ቀድመው የሚነጋላቸውም ለዚሁ ነው።

በምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው፣ ቆሜያለሁ ቢልም፣ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ነው። ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር ይህ ፍጥነት ይቀንሳል። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግማሽ ይሆናል። ልክ ዋልታው ላይ የቆመ ሰው ደግሞ የትም ሳይሄድ ባለበት ይሽከረከራል።

ታዲያ ለምን አይሰማንም?

ፍጥነቱ ስለማይለዋወጥ ነው። ሰውነታችን የሚያውቀው ሲፈጠንና ሲቆም፣ ሲታጠፍና ሲንገጫገጭ ነው። ምድር ደግሞ አትንገጫገጭም። ባሕሩም፣ አየሩም፣ ሕንፃውም አብሮን ስለሚዞር የምናወዳድርበት ነገር አጠገባችን የለም።

ጨረቃስ? ወደ ምሥራቅ የምትዞር ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ምዕራብ ስትሄድ የምናያት ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የብዙ ሰው ግርታ ያለው እዚህ ነው።

ምድር በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 ዲግሪ ትሽከረከራለች። በዚህ የተነሣ ሰማይ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በሰዓት 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ የሚንሸራተት ይመስለናል። ጨረቃ ደግሞ በዚያው አንድ ሰዓት በራሷ ጉዞ ወደ ምሥራቅ የምትገፋው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። የሁለቱ ድምር ምን ይሆናል? በሰዓት 14.5 ዲግሪ ወደ ምዕራብ። ጨረቃ ወደ ምሥራቅ እየሄደች ነው፤ ነገር ግን ምድር ከሥሯ በጣም ፈጥና ስለምትሽከረከር ጉዞዋ ይዋጣል።

ይዋጥ እንጂ አይጠፋም። በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ጨረቃ አጠገብ ደመቅ ያለ ኮከብ ያለበትን ምሽት ምረጡ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በደንብ አስተውሉ፤ ቢቻል በወረቀት ላይ ንድፍ ሥሩ። ከዚያ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ዞረዋል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ተለውጧል። ጨረቃ ከኮከቡ አንጻር ወደ ምሥራቅ ተጠግታለች። በአንድ ሰዓት የምትገፋው ግማሽ ዲግሪ ከራሷ ስፋት ጋር እኩል ስለሆነ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጨረቃ የሚያክል ርቀት ተጉዛለች ማለት ነው።

አንዳንዴ ጨረቃ ኮከቡን ጭራሽ ትሸፍነዋለች። ያኔ ኮከቡ የሚጠፋው ሁልጊዜ በጨረቃ ምሥራቃዊ ጠርዝ በኩል ነው፤ የሚወጣውም በምዕራባዊው ጠርዝ በኩል። በተቃራኒው ሆኖ አያውቅም።

መጠበቅ ለሚሰለቸው ሌላ መንገድ አለ። ዛሬ ማታ ጨረቃ የት እንዳለች በአንድ ሰዓት ላይ እዩ። ነገ ልክ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ቆማችሁ እንደገና እዩ። 13 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ሄዳ ታገኟታላችሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትለኩበት ከአንድ ጡጫ በጥቂቱ ይበልጣል። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች የምትወጣውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ምድር አንድ ዙር ጨርሳ ስትመለስ ጨረቃ ከቦታዋ ስለሌለች፣ ትንሽ ጨምራ መሽከርከር አለባት።

ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን የምታሳየን ስለማትሽከረከር አይደለም?

በፍጹም። ባትሽከረከር ኖሮ በወር ውስጥ ሁሉንም ጎኗን እናይ ነበር።

ካላመናችሁ ወንበር ክፍሉ መካከል አስቀምጡና ዙሩት። እየዞራችሁ ፊታችሁን ከወንበሩ ላይ አትንቀሉ። ስትጀምሩ በሩ ፊት ለፊታችሁ ከነበረ፣ ግማሽ ዙር ስትደርሱ በሩ ከጀርባችሁ ይሆናል። ዙሩን ስትጨርሱ አራቱንም ግድግዳ አይታችኋል። ስለዚህ እናንተም አንድ ጊዜ ተሽከርክራችኋል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ፊታችሁን ከበሩ ሳትነቅሉ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ወንበሩን ዙሩት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር አንዴ ፊታችሁን፣ አንዴ ጎናችሁን፣ አንዴ ጀርባችሁን ያይ ነበር። የማትሽከረከር ጨረቃ እንዲህ ትሆን ነበር።

ጨረቃ ምድርን ለመዞር 27.3 ቀን ይፈጅባታል፤ በዛቢያዋ ላይ አንዴ ለመሽከርከርም እንደዚያው 27.3 ቀን። አጋጣሚ አይደለም። የምድር ስበት በጨረቃ አካል ላይ ያሳደረው መጎተት፣ በአንድ ወቅት ይበልጥ ፈጣን የነበረውን ሽክርክሪቷን እያዘገየ መጥቶ ከዙረቷ ጋር እኩል ሲሆን እዚያው አቆመው። በፀሐይ ዙሪያ ባሉ ፕላኔቶች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ የማርስ ሁለቱ ጨረቃዎችና የጁፒተር አራቱ ትልልቆች ሁሉ ለፕላኔታቸው የሚያሳዩት አንድ ፊታቸውን ነው።

ይሁንና ጨረቃ ሙሉ በሙሉ አትደበቅብንም። ምሕዋሯ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች፤ ሽክርክሪቷ ግን አይለወጥም። በዚህና በዛቢያዋ ማዘንበል ምክንያት ትንሽ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትመስላለች። ቀስ በቀስ ከገጽታዋ 59 በመቶ ያህሉን ከምድር ሆነን ማየት እንችላለን። የቀረውን የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 የሶቪየት ኅብረቷ መንኮራኩር ሉና 3 ፎቶ አንሥታ ስትልክ ነው። ብዙ ሰው ያን ወገን ሁልጊዜ ጨለማ ይመስለዋል። አይደለም፤ እንደ ፊተኛው ሁሉ ሁለት ሳምንት ቀን፣ ሁለት ሳምንት ሌሊት ይሆንለታል።

የጨረቃ ዙር 27.3 ቀን ነው ወይስ 29.5?

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ተመልሳ እዚያው ኮከብ ጋር ለመድረስ 27.3 ቀን ይፈጅባታል። እውነተኛው ዙር ይሄ ነው። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ምድር ራሷ በፀሐይ ዙሪያ 27 ዲግሪ ያህል ወደፊት ሄዳለች። ከሙሉ ጨረቃ ወደ ሙሉ ጨረቃ ለመድረስ ጨረቃ ይህን ትርፍ መንገድ መሸፈን አለባት። ለዚያ ከሁለት ቀን በላይ ስለሚያስፈልጋት 29.5 ቀን ይሆናል።

ምድርስ? አንዴ ለመሽከርከር 24 ሰዓት ይፈጅባታል አይደል?

23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው የሚፈጅባት። ምክንያቱም ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። ምድር አንድ ሙሉ ዙር ስትሽከረከር በፀሐይ ዙሪያም አንድ ዲግሪ ያህል ተራምዳለች። ፀሐይን እንደገና ከትናንትናው ቦታ ለማግኘት ያችን አንድ ዲግሪ ጨምራ መዞር አለባት። አራት ደቂቃ ትፈጃለች። 24 ሰዓት የሚሞላው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ የሚገርመው አቅጣጫው ራሱ ነው። ምድር በዛቢያዋ የምትሽከረከረው ፀሐይን ከምትዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ቢሆን ኖሮ፣ አራቱ ደቂቃ ይቀነስ ነበር እንጂ አይደመርም። ያው ሽክርክሪት ከቀትር እስከ ቀትር 23 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ገደማ ይሰጠን ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 365 ቀን ከሩብ ያህል እንቆጥራለን፤ ምድር ግን በእውነት የተሽከረከረችው 366 ጊዜ ከሩብ ነው። አንዷን ዙር ፀሐይን መዞሯ ውጦብናል።

ይህችን አራት ደቂቃ ከዋክብት ላይ ማየት ይቻላል። አንድ ኮከብ በየቀኑ አራት ደቂቃ እየቀደመ ይወጣል። በወር ሁለት ሰዓት ይሞላል። የምሽቱ ሰማይ ከወቅት ወቅት የሚለዋወጠው በዚሁ ነው።

ምድር ስትጓዝ የትኛው ጎኗ ነው የሚቀድመው?

ጎህ የሚቀድበት ጎን። ይህ ጥያቄ ብዙ አይጠየቅም፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። ሽክርክሪቷና ዙረቷ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆኑ፣ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ላይ ያለው የምድር ክፍል ሁልጊዜ ከፊት ነው። ፀሐይ የምትጠልቅበት ክፍል ደግሞ ከኋላ ይከተላል። ተወርዋሪ ኮከቦች ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በተለይ ሊነጋጋ ሲል የሚበዙት በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ የቆምንበት ጎን ፊት ለፊት እየሮጠ አቧራና ጠጠሩን ይጋፈጣል። አመሻሽ ላይ የሚመጣብን ግን ከኋላ ደርሶ የሚይዘን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ከሙሉ ጨረቃ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ግማሽ ጨረቃ ሊነጋ ሲል ሰማይ ላይ ከፍ ብላ ትታያለች። በዚያን ሰዓት ወደ እሷ ስትመለከቱ ምድር ወደምትሄድበት አቅጣጫ እያያችሁ ነው። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ምድር በዚያ ፍጥነቷ ይህን ርቀት የምትጨርሰው በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማለትም ያች ግማሽ ጨረቃ ያለችበት ቦታ ላይ እኛ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ እንደርሳለን። ግጭት አይኖርም፤ ጨረቃም አብራን እየሮጠች ስለሆነ ስንደርስ ቦታውን ለቃለች።

ጨረቃ ምድርን እየዞረች ምድር ፀሐይን ስትዞር፣ የጨረቃ መንገድ ጥቅልል ጥቅልል አይሆንም?

የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል እንዲያ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጨረቃ ምድርን የምትዞረው በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከምድር ጋር ሆና ፀሐይን የምትዞረው ደግሞ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ሁለቱ ተደምረው 31 ያህል፣ ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትሆን ደግሞ ተቀንሰው 29 ያህል ይሆናል። ወደ ኋላ የምትመለስበት ቅጽበት የለም። መንገዷን በትክክለኛ ልኩ ብትሥሉት ክብ ነው የሚመስለው፤ የትም ቦታ ላይ ከፀሐይ ወደ ውጭ አይታጠፍም።

የፀሐይ ግርዶሽ ጥላ ለምን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል? ፀሐይ ራሷ ወደ ምዕራብ እየሄደች?

ጥላው የጨረቃ ስለሆነ ጨረቃ ወደምትሄድበት ይሄዳል። ጨረቃ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ስትጓዝ፣ ከሥሯ ያለው መሬትም ወደዚያው ወደ ምሥራቅ ይዞራል፤ ነገር ግን በምድር ወገብ ላይ እንኳ በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጥላው መሬቱን ይቀድመዋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2017 በነበረው ሙሉ ግርዶሽ፣ ጥላው በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በኦሪገን ገብቶ በምሥራቁ በሳውዝ ካሮላይና ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የፈጀበት።

የሁለቱም እንቅስቃሴ አቅጣጫ አንድ መሆኑ ለተመልካች ይጠቅማል። መሬቱ ከጥላው ጋር እየተከተለ ስለሚሄድ ጨለማው ትንሽ ይረዝማል። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ጥላው ሽው ብሎ ያልፍ ነበር።

ግርዶሹ ሲጀምር ፀሐይ የምትነከሰው በምዕራብ ጠርዟ በኩል ነው። በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚጨልመው የጨረቃ ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ጨረቃ ወደ ምሥራቅ እየሄደች ነው።

በደቡብ ንፍቀ ክበብ ሁሉም ነገር ይገለበጣል ይባላል። እውነት ነው?

አቅጣጫው አይገለበጥም፤ አስተያየታችን ግን ይገለበጣል። እዚያም ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ ትጠልቃለች። ነገር ግን ከምድር ወገብ ራቅ ብሎ በስተደቡብ ላለ ሰው ቀትር ላይ ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች። ፊቱን ወደ እሷ ካዞረ ከቀኝ ወደ ግራ ስትሄድ ያያታል። አዲሲቷ የምሽት ጨረቃም ለሰሜኑ ሰው በቀኝ በኩል፣ ለደቡቡ ሰው በግራ በኩል ትበራለች። በምድር ወገብ አካባቢ ብርሃኗ ከታች በኩል ይሆናል።

የመታጠቢያ ገንዳ ውኃ በደቡብ በተቃራኒ እየዞረ ይፈሳል የሚባለውን ግን እርሱት። የምድር መሽከርከር ትልልቅ አውሎ ነፋሶችን ያዞራል እንጂ ለገንዳ ውኃ ጉልበቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ምድር ወደ ምሥራቅ ከዞረች ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ቶሎ መድረስ አልነበረበትም?

አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊትም ከምድር ጋር አብሮ ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነበር። አየሩም እንደዚያው። ስለዚህ ሽክርክሪቱ በቀጥታ ማንንም አይጠቅምም፣ ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም ከኒውዮርክ ወደ ለንደን ወደ ምሥራቅ መብረር ከመልሱ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል። ምክንያቱ በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው።

ሮኬት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ምሕዋር የሚወጣ ሮኬት የምድርን ሽክርክሪት እንደ ምርቃት ይወስዳል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ሮኬቶች ወደ ምሥራቅ የሚተኮሱት፤ በደቡብ አሜሪካ ያለው የኩሩ ማስወንጨፊያም ለምድር ወገብ ቅርብ መሆኑ የሚጠቅመው ለዚሁ ነው። እስራኤል ግን በስተምሥራቅ ያሉ አገሮችን አቋርጣ መተኮስ ስለማትፈልግ ወደ ምዕራብ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ታስወነጭፋለች። ያንን ምርቃት ታጣለች፤ በዚህ መንገድ የምታስወነጭፋቸው ሳተላይቶችም አብዛኞቹ ከሚዞሩበት በተቃራኒ ይዞራሉ።

ምድር መሽከርከሯን ጠፈር ሳይወጡ ማረጋገጥ ይቻላል?

ይቻላል። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ በሚገኘው ፓንቴዮን በተባለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በ67 ሜትር ሽቦ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ ሰቅሎ አወዛወዘው። የሚወዛወዘው ኳስ መስመሩን አይለቅም ነበር፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ወለሉ ላይ የሚያልፍበት አቅጣጫ ቀስ እያለ በሰዓት አቅጣጫ ይዞር ጀመር። ዘወር ያለው ወለሉ ነበር፤ ወለሉም ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ እየዞረ ነበር። በፓሪስ ሙሉ ዙሩን ለመጨረስ 32 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዋልታው ላይ ቢሆን አንድ ቀን ይበቃዋል፤ በምድር ወገብ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይዞርም።

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩት ለምንድን ነው?

ምንጫቸው አንድ ስለሆነ። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፀሐይና ፕላኔቶቹ የተሠሩት ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ያ ደመና ትንሽ ሽክርክሪት ነበረው። በስበት ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ ሲሄድ ሽክርክሪቱ እየፈጠነ፣ ቅርጹም ጠፍጣፋ እየሆነ ሄደ። ከእሱ የተወለዱት ሁሉ አቅጣጫውን ወረሱ። ፀሐይ ራሷም ወደዚያው ትሽከረከራለች፤ ስምንቱም ፕላኔቶች ወደዚያው ይዞሯታል።

ጨረቃን በተመለከተ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ ማርስን የሚያክል አካል ገና ጨቅላ ከነበረችው ምድር ጋር ተጋጭቶ ከፍርስራሹ ጨረቃ ተሠራች የሚለው ነው።

ያፈነገጡም አሉ። ቬነስ በራሷ ዛቢያ ላይ የምትሽከረከረው በተቃራኒ ነው፤ ያውም እጅግ እየተንቀራፈፈች፣ በ243 ቀን አንዴ። እዚያ ፀሐይ በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች። ዩራነስ 98 ዲግሪ አዘንብሎ በጎኑ ተኝቶ ይሽከረከራል። የኔፕቱን ትልቋ ጨረቃ ትራይተን ፕላኔቷን የምትዞረው በተቃራኒ ነው፤ ከሌላ ቦታ መጥታ በስበት ተይዛ የቀረች ሳትሆን አትቀርም።

በምድርና በጨረቃ በኩልስ በተቃራኒ የሚሄድ ምንም የለም?

አለ፤ ግን በጣም ቀርፋፋ ነው። ምድር እየተሽከረከረች ዛቢያዋም ራሱ ቀስ ብሎ ክብ ይሠራል። አንዱን ዙር ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ዙር ከሽክርክሪቷ በተቃራኒ ነው። ዛቢያው ዛሬ ወደ ሰሜን ኮከብ አካባቢ ይጠቁማል፤ ከ12,000 ዓመት ገደማ በኋላ ቬጋ የሚባለው ደማቅ ኮከብ አካባቢ ይደርሳል። የጨረቃ ምሕዋር ደግሞ ከምድር ምሕዋር አንጻር 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው፤ ሁለቱ የሚቋረጡባቸው ነጥቦች በ18.6 ዓመት አንዴ ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ እነዚህ ነጥቦች አካባቢ ስትሆን ብቻ ስለሆነ፣ የግርዶሽ ወቅት በየዓመቱ ወደ 19 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል።

ጨረቃ ላይ ቆመን ምድርን ብናይ ምን እናያለን?

በዚህ በእኛ በኩል ባለው የጨረቃ ገጽ ላይ ብትቆሙ፣ ምድር አትወጣም፣ አትጠልቅም። ከዚያ ወዛወዝ ከማለቷ በቀር ሰማይ ላይ አንድ ቦታ ተሰቅላ ትቆያለች። እዚያው ሆና ግን ስትሽከረከር፣ አህጉሮቿ በየተራ ብቅ ሲሉ ይታያሉ። የአፖሎ 8 ተጓዦች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 24 ቀን 1968 ያነሡት ምድር ከጨረቃ አድማስ ብቅ ስትል የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶ እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ እነሱ ቆመው አልነበረም፤ መንኮራኩራቸው ጨረቃን እየዞረች ነበር።

ይህ አቅጣጫ አንድ ቀን ሊቀየር ይችላል?

አቅጣጫው አይቀየርም፤ ፍጥነቱ ግን እየተቀየረ ነው። የጨረቃ ስበት በውቅያኖስ ላይ እብጠት ይፈጥራል። ምድር ጨረቃ ከምትዞረው ይበልጥ ፈጥና ወደዚያው አቅጣጫ ስለምትሽከረከር፣ እብጠቱን ከጨረቃ ትንሽ ቀደም አድርጋ ትወስደዋለች። ቀደም ያለው እብጠት ጨረቃን ወደፊት ይጎትታታል፤ ጨረቃ ደግሞ እብጠቱን ወደ ኋላ ትጎትተዋለች። ውጤቱ ሁለት ነው። የምድር ሽክርክሪት ይዘገያል፤ ቀኑ በመቶ ዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይረዝማል። ጨረቃ ደግሞ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። ይህን የምናውቀው ከአፖሎ 11 ጀምሮ ጨረቃ ላይ በተተከሉ መስታወቶች ላይ ሌዘር እየላኩ፣ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ በመለካት ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ነው። ጨረቃ በተቃራኒ ብትዞር ኖሮ እብጠቱ ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር፤ እሷም በመራቅ ፈንታ እየቀረበች ትመጣ ነበር። ትራይተን ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው፤ ወደ ኔፕቱን ቀስ በቀስ እየተጠጋች ነው።